በወፍጮ ተራ ያየነው ዓባይ

ይህ ነገር የገጠመኝ ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በአንዱ ኅዳር ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የቤቴን ቁልፍ እንኳ በየቀኑ ስፈልግ ነው የምውለው። ያችን ከሰዓት በኋላ ግን ልረሳት አልቻልሁም። አንዳንዴ በሕልሜ ያየኋት ይመስለኝና አባቴን "እውነት ሆኗል አይደል?" ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈት ሥራ እሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቶችን የአሠራር ለውጥ፣ የቢፒአር ሪፖርት እተይባለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የተገዛ አንድ አሮጌ የጌም ኮምፒውተር ነበረኝ። ተማሪዎች ከትምህርት ሲወጡ እየመጡ ኳስ ይጫወቱበታል። እውነቱን ለመናገር ከነሱ ይልቅ የምጫወትበት እኔው ነበርሁ። በተለይ አውሮፕላን የሚበርበት አንድ ጌም ነበረ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በሩን ገርበብ አደርግና ከደመና በላይ እውላለሁ።

አባቴ ተወልደው ያደጉት ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጩ አጠገብ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ፊቴን ከግድግዳው መለየት ሲያቅታቸው እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ባሕር ዳር የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ እንደሚመጡ ሰምቼ አስመዝግቤያቸው ነበር። ሕመምተኞቹን ወስዶ የሚመልሰው መኪና የሚነሳው የኅዳር ማርያም ዕለት በጠዋት ነው። ያ ካመለጠ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

አባቴ ግን ፈሩ። "ዓይኔን በስለት ሊነኩት? ይችን የቀረችኝን ጭላንጭል ቢያጠፏትሳ?" አሉ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን አውሮፕላኗን ሳበርር አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። "ምንድን ነው ይሄ ሰማያዊ?" አሉኝ። ጣና ነው አልኋቸው። ወደ ሰማያዊው ጠጋ ብለው "ዓባይንስ ያሳያል?" አሉ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "እንዴታ! እስከ ሱዳን ነው የማሳይዎት!" አልሁ።

"እንግዲያው እሱን አሳይኝና የፈለግሽበት ውሰጅኝ" አሉ። "ከምንጩ እየጠጣሁ አድጌ፣ የት እንደሚሄድ ሳላይ ዓይኔ ቢጠፋ ይቆጨኛል።"

ምነው አፌን በያዘው! ያ አሮጌ ኮምፒውተር እኮ ጣና ላይ ሲደርስ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። አባቴ አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠግተው አዩና "ይሄ ውኃ አይሄድም፤ ቆሟል" አሉ። ሲሄድ ነው ማየት የፈለጉት።

ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረ፣ በኮምፒውተር ነገር ያበደ ጓደኛ ነበረኝ። ደወልሁለት። "ኦቨርክሎክ አድርጊዋ!" አለኝ። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ቁጥሩን ጥቂት ጥቂት እያልሁ እንድጨምር፣ በጨመርሁ ቁጥርም እንድሞክር ነገረኝ። "ፓወር ሰፕላይሽ ግን ደካማ ነው" አለ። "መብራቱን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ካቅሙ በላይ ከጠየቅሽው ድርግም ይልብሻል።"

የሚካኤል ዕለት ሞከርሁት። ምን ልበላችሁ! አውሮፕላኗ ጣና ላይ ተንሳፈፈች። ደመናው በቀስታ ያልፋል፣ የክንፏ ጥላ ውኃው ላይ ይከተላታል። ቀኑን ሙሉ ስሞክረው አንዴም አልቆመም። እየሮጥሁ አባቴን ልጠራ ሄድሁ።

"በሚካኤል?" አሉኝ። "በሚካኤል ማሽን አስነስተሽ? ኧረ እግዜርን ፍሪ! ነገ አየዋለሁ።"

በማግስቱ ወንበር ስቤ አስቀመጥኋቸው። አውሮፕላኗ ተነሳች፣ ከፍ አለች፣ ድርግም። እንደገና አስነሳሁት። አሁንም ድርግም። ቁጥሩን ቀነስሁ፣ ሽፋኑን ፈትቼ አቧራውን አራገፍሁ፣ ማራገቢያውን በጨርቅ ጠረግሁ። ቀናት በዚህ ሄዱ። የገብርኤል ዕለት ስሞክረው ግን እንደ ሚካኤሉ ሰላም ዋለ! በቃ ሠራሁት ብዬ ዘለልሁ።

አባቴ አሁንም እምቢ አሉ። "ዛሬ ገብርኤል ነው። ነገ።"

ነገ ማለት የመጨረሻዋ ቀን ናት፤ የማርያም ዋዜማ። በማለዳ አስቀመጥኋቸውና አስነሳሁት። ድርግም። እስከ ቀትር ታገልሁት።

"በበዓል ስላሠራሻት ተቀይማሽ ነው" አሉ አባቴ ሊያስቁኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "በይ ይቅር ልጄ። እኔም አልሄድ፤ ባለችኝ እኖራለሁ።"

ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቼ ልቅሶዬን እንዳይሰሙብኝ በሩ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። አጥራችንን ተጎራብቶ ወፍጮ ቤት አለ። ቀበቶው ወልቆ ነው መሰለኝ ለአፍታ ቆሞ ነበር። በራፌ ላይ ሳላጠፋው የዋለ አንድ አምፖል ነበረ፤ ቦግ ብሎ ያበራል። ወዲያው ወፍጮው እያጓራ ተነሳ። አምፖሉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነ። ዞር ብዬ ሳይ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

ጉድ እኮ ነው! በሚካኤልም በገብርኤልም ወፍጮ አይፈጭም። ያ ድምፅ በየቀኑ ከጎኔ ስለነበረ መስማት ትቼ ነበር። ወፍጮው መብራቱን ሲስበው የኔ ደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚያከፋፍለው ያጣል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው አባቴ አላይም በሚሉበት ቀን፣ የሚሞተው አያለሁ በሚሉበት ቀን ነበር። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ሮጥሁ። ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሏል። ማግስቱ ማርያም ስለሆነ የሚፈጭ ሁሉ ያን ቀን መጥቷል፤ ወፍጮው ለምሳም ሳይቆም እስከ ሌሊት ነው የሚፈጨው፤ ከሩቅ ገጠር አህያ ጭነው የመጡ አሉ። ባለቤቷ እትየ ጥሩየ ዱቄት ለብሰው ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጥቷል።

"እትየ፣ ለጥቂት ያቁሙልኝ!" አልሁ።

"ለምን?"

"አባቴ ዓባይን ሊያዩ ነው!" ብዬ ጮህሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያበድሁ ነው የመሰላቸው።

"አንች ልጅ፣ ደህና አይደለሽም? ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ?" አሉ እትየ ጥሩየ። "ደግሞስ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ተራ የባለተራው ነው።"

ባለተራዋ ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ከኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ነበረች። የበቆሎ ጆንያዋ ተፈቶ ሊገለበጥ ነው። "አባትሽ ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። ሁሉንም እየተንተባተብሁ ነገርኋት፤ ዓይናቸውን፣ መኪናውን፣ ያን የማያርፍ አፌን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አሁን ተራው የኔ ነው አይደል?" አለች።

"ነው" አሉ እትየ ጥሩየ።

"እንግዲያው ለአባቷ ሰጥቻለሁ።"

በዚያ ወፍጮ ቤት ተራውን ለሌላ የሰጠ ሰው ከጭራ ሄዶ ይሰለፋል። ሕጉ ለማንም አይላላም። አንድ ሽማግሌ "አንች፣ መንገድሽ ሩቅ ነው እኮ፤ ሳይፈጭልሽ ሊመሽብሽ ነው" አሏት። "ይምሽ እንጂ" አለችና ጆንያዋን እየጎተተች ወደ ኋላ ወስዳ አቆመችው። እትየ ጥሩየ አንድ ጆንያ በሚፈጭበት ጊዜ ልክ ወፍጮውን አቆሙት።

ሰፈሩ ጭር አለ። ለካ ግቢያችን ውስጥ ወፎች ነበሩ! ስገባ ሴትዮዋ ተከትላኝ መጣች። "ተራዬ ምን እንደሚፈጭ ልየው እንጂ" አለች።

አባቴን አስቀምጬ አውሮፕላኗን ከሰከላ ሰማይ ላይ አስነሳኋት። ጌሙ ግሽ ዓባይን አያውቃትም፤ ያ ሁሉ አገር አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ምን ልበላቸው ብዬ ስጨነቅ ሴትዮዋ ከኋላቸው ጎንበስ አለች።

"ይኸው አባ፣ ጸበሉ ከዚህ ሥር ነው" አለች። "ሄጄ አውቀዋለሁ። ሣሩ ሲረግጡት ይርገበገባል አይደል?"

"ይርገበገባል!" አሉ አባቴ።

ከዚያ በኋላ እኔ ማብረር ብቻ ሆነ ሥራዬ። ጣና መጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ የአባቴ ነጭ ጋቢ እንኳ ሰማያዊ ሆነ። ከጣና ሲወጣ ውኃው እንደ ክር ቀጠነ። ተከተልሁት። በሩ ላይ ዱቄት የለበሱ ሰዎች ተደርድረው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"አሁን ቆላ ወረደ" አለች ሴትዮዋ። "እኔና ባሌ ቡና ለቀማ ወለጋ ስንወርድ ከቡሬ በታች ተሻግረነዋል። ይኸው እዚች ጋ ድልድይ አለች። ውኃው ቡናማ ነው፤ አፈራችንን ተሸክሞ ነዋ የሚሄደው። ሲቀርቡት ድምፁ ጆሮ ውስጥ አይደለም የሚሰማው፤ እዚህ ደረት ውስጥ ነው።"

ድልድይ የለም። ቡናማም የለም። መስታወቱ ላይ ያለው አንዲት ሰማያዊ መስመር ናት። እኔም ግን ማልሁላችሁ፣ ድልድዩን ያየሁት መሰለኝ።

"ይሄዳል?" አሉ አባቴ።

"ይሄዳል አባ! ማን ያቆመዋል?"

አረንጓዴው እየሳሳ ምድሩ አሸዋ መሰለ። ሱዳን ገባን። እዚያ ላይ ስንንሳፈፍ የአንድ ጆንያው ጊዜ አለቀና ወፍጮው አጓራ። አምፖሉ ቢጫ ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። አባቴ የጠፋውን መስታወት እያዩ ፈገግ አሉ።

"ደረሰ?" አሉ።

"ደረሰ" አለቻቸው።

"በሉ እንግዲህ" ብለው በትራቸውን ፈለጉ። "ልጄ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ መኪናው?"

እጃቸውን ስሜ የመንገዳቸውን ስንቅ ላዘገጃጅ ተሯሯጥሁ። ምግብ ይዤ ወፍጮ ቤት ስመለስ ግን መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል፤ ሰዉም ተበትኗል። የሴትዮዋ በቆሎ ተፈጭቶ ይሁን ሳይፈጭ የነገረኝ የለም። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።

የአባቴ ዓይን በራ። ተመልሰው ሲመጡ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው "ከስተሻል" አሉኝ፤ እዚያው አነባሁ። ትንሽ ሰንበት ብለው "በይ ዓባይን አሳይኝ" አሉ። ወፍጮው ለምሳ የሚቆምበትን ሰዓት ጠብቄ በዚያው መንገድ አበረርኋቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ብዙ አዩ።

"ይሄማ ቀለም ነው" አሉ። "ድልድዩ የታለ? ቡናማው ውኃስ?"

"አባየ፣ ያን ቀንም አልነበረም።"

"ነበረ እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። "በነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። ያችን ሴትዮ አምጭልኝና ደግሜ ልየው።"

ይኸው ዓመታት አለፉ፤ አባቴ ዛሬም ይጠይቁኛል። እኔም በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጅ ቆሜ ጠይም፣ ቀጠን ያለች ሴት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ያን ቀን ባዶ እጇን ተመልሳ ልጆቿ ምን በልተው አደሩ እያልሁ ያመኛል። እታለም፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካለ ስሚኝ። ወፍጮው አሁንም እዚያው ነው፤ አባቴም አሉ። በቆሎሽን ይዘሽ ነይ። ተራሽ እኛ ዘንድ ነው።