ሳይነበብ የተጻፈው ሬዲዮ

የሰፈሩ ሰው ሽቦ ይለዋል። ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈው ግን ጣሪያው ላይ ባቆማቸው አንቴናዎች ነው። ሥራ ሲፈታ የአማተር ሬዲዮውን ይከፍትና ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ አየሩ ጠባይ ሲያወራ ይውላል። ትዳር አልያዘም። ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ ሬዲዮ አግብቷል» ሲል እሱም አይክድም።

በሬዲዮ ክበቡ ውስጥ ጀማሪዎችን የሚያስተምረው እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚሰብከው አንድ ሕግ አለው፦ ሬዲዮን ከኮምፒውተር ስታገናኝ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አንብብ፣ አስቀምጥ፤ አዲሱ አሮጌውን ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ ብቻ ጻፍበት። ይህን የዘለለ ተማሪ ለሳምንት መቀለጃው ይሆናል።

ወንድሙ ሐይቁን የሚያሻግር ጀልባ ነጂ ነው። ከሁለቱ ወደቦች ከተራቀ ሐይቁ ላይ ስልክ አይሠራም፤ የሚያገለግለው ኮረብታው ላይ ያለው የክበቡ ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ማስተላለፊያው በአንድ የሞገድ ቁጥር ሰምቶ በሌላ ቁጥር መልሶ ስለሚያሰማ፣ እያንዳንዱ ሬዲዮ የማዳመጫና የመናገሪያ ሁለት ቁጥር ያስፈልገዋል። ወንድሙ የገዛው አዲስ የእጅ ሬዲዮ ሁለቱም ተሞልተውለት ነበር የመጣው። የጎደለው ማዶ ሲቃረቡ የሚያገለግለው የወደቡ ቻናል ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ቶሎ በልልኝ። ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው» አለ ከበሩ ሳይገባ።

ሽቦ ላፕቶፑን ከፈተ። በሊኑክስ የሚሠራው ላፕቶፕ ላይ የነበረው የሬዲዮ ሶፍትዌር አሮጌ ስለሆነ አዲሱን ሬዲዮ አላውቅም አለ። አዲሱን ስሪት ሊጭን ሲል ደግሞ እሱም ሌላ አዲስ ነገር ካላመጣህልኝ አልገባም አለ፤ ያንን ሲያመጣለት ሌላ ጠየቀ። በስንት ልመና ተጭኖ ኬብሉን ሲሰካ «ፈቃድ የለህም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ወንድሙ ሳቀ። «በገዛ ቤትህ ፈቃድ ጠያቂ ሆንክ?»

ሽቦን ሳቁ አናደደው። ኬብሉን መጠቀም ከተፈቀደላቸው ስሞች ጋር ስሙን ጨመረ፤ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና ገባ። አሁን ሁሉም ነገር እሺ አለ። ከሐይቁ ዳር ግን የተሳፋሪዎቹ ጩኸት በመስኮት ይሰማ ጀመር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሽቦም ይህን ተረት ለስንቱ ተርቶታል። ያን ዕለት ግን ሳያነብ ጻፈ። ማዶ ላለና በሌላ ማስተላለፊያ ለሚጠቀም ወዳጁ ለዚያው ዓይነት ሬዲዮ ያዘጋጀው ፋይል ነበረው፤ የማዶው ወደብ ቻናል እዚያ ውስጥ አለ። ፋይሉን ከፍቶ ማዳመጫውን ለኮረብታው ማስተላለፊያ አስተካከለና ወደ ወንድሙ ሬዲዮ ላከው። ሲከፍቱት የማስተላለፊያው ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ። «በል ሂድ» አለው። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ የሞከረ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሣ። የወንድሙ ሚስት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች እየሮጠች መጣች፤ ማዶ ወደብ ደውላ ጀልባው አልደረሰም ብለዋታል። ሽቦ በማስተላለፊያው ተጣራ። ዝም። ደጋገመ። ዝም።

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፤ አይደል ጋሼ?» አለች። አዎ እንዲላት ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ ላፕቶፑ ላይ እንደ ተከፈተ የቀረው ፋይል ላይ አረፈ፤ ክው አለ። ማዳመጫውን ለውጧል። መናገሪያው የወዳጁ እንደ ሆነ ቀርቷል። ወንድሙ ሲጠሩት ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ማንም አይሰማውም።

«ባትሪው አይደለም» አላት። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሽቦ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። ዓይኑን ከዚያ የተሳሳተ ቁጥር ላይ መንቀል አቃተው፤ ድንገት ግን አንድ ነገር ታየው። ወንድሙ የሚናገር ከሆነ የሚናገረው በዚህ ቁጥር ነው። ሌላ ሬዲዮ ከመደርደሪያ አነሣና ማዳመጫው ላይ ያንኑ ስሕተቱን ሞላበት።

«...አቤት ጋሼ፣ እየሰማሁህ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ድንጋያማው ዳርቻ አጠገብ ነን፤ ውሃ እየገባ ነው። አቤት ጋሼ...» ድምፁ ሻክሮ ሊጠፋ ደርሷል።

«ሰማሁህ!» ሽቦ በመጀመሪያው ሬዲዮ ጮኸ። «ሰማሁህ፣ ወንድሜ! ሰው እንልካለን!»

ወንድሙ፣ «አንተ ስትጠራ እኔ አቤት ስል፣ ስትጠራ አቤት ስል ነው የዋልኩት» አለ። «ምነው ጋሼ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

የወንድሙ ሚስት ስልኳን አውጥታ ለዓሣ አስጋሪዎቹ ቦታውን እየነገረች ነበር። ሁለት ጀልባ ወጣ። ንፋሱ ግን አልበረደም፤ እስኪደርሱ ድረስ ከመጠበቅ ሌላ የሚደረግ አልነበረም። ሽቦ ሁለቱን ሬዲዮ በሁለት እጁ ይዞ ፈዝዞ ቀረ።

የወንድሙ ሚስት መጥታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ጥራው ጋሼ» አለችው። «አቤት እንዲል ጥራው።»