ጋሽ ታደሰ ጋራዥ ውስጥ ያለቀስኩት ለቅሶ

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ በርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሰፈሩን ሰው የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ይጠግናሉ። ሰሞኑን አሟቸዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ማሽኔን ይዤ ስሄድ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጥቁር ጃኬት የለበሱ ወንዶች ታጣፊ ወንበር ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። ክው አልኩ። እንዴት ሰው ኮል አድርጎ አያረዳኝም? ኮፍያዬን አውልቄ፣ እጅ ነስቼ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አምና በረዶ ላይ ተንበርክከው ማሽኔን ሲያስነሱልኝ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ሰዎቹም እኔን አይተው አንድ በአንድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ይሄኔ ጋሽ ታደሰ ራሳቸው፣ እጃቸው ዘይት በዘይት ሆኖ ከጓዳ ብቅ አሉ። ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አዩ፤ እኔን አዩ። ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡና በጆሮዬ፣ «ልጄ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አሉኝ።