በአንድ ምት አራት ድምፅ

ይርሳው ጊታር መማር የጀመረው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አሰላ ውስጥ ፀጉር ቤት ከፍቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ በሠርጉ ዋዜማ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነሣል። ሙሽራውን አስውቦ ይሸኝና ሠርጉ ቤት ሲሄድ ግን በር አጠገብ ይቀመጣል። አይዘፍንም፣ አይጨፍርም። አንዲት ልጁ አልጣሽ ስትታጭ ሚስቱን እታገኘሁን፣ በልጄ መልስ ላይ አንድ የሙሽራ ዘፈን በገዛ እጄ እጫወታለሁ አላት። እታገኘሁ ሳቀችና፣ በመቀስህ ነው የምትጫወተው አለችው።

ልጅቱን ለልጃቸው የጠየቁት አቶ አሰግድ የሚባሉ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ። የሚፈለገው ዝምድና ብቻ አይደለም። አቶ አሰግድ ጎንበስ ብለው፣ በዘራችሁ ደዌ ያለበት ሰው ነበረ ወይ ብለው ጠየቁ። ደዌ ሲሉ የትኛውን በሽታ ማለታቸው እንደሆነ ለማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ይርሳው አንድም የለም ብሎ ማለ። ሠርጉ ለሚቀጥለው ዓመት ጥር ተቀጠረ።

ጊታሩን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ገዛው። አስተማሪ የሆነው ሁሴኖ ነው። ሁሴኖ የሠላሳ ዓመት ሰው ሲሆን ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ጊታር የለመደው ከፈረንጅ የእርሻ ባለሙያዎች ሾፌሮች ጋር ሲውል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፤ መጀመሪያ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ከዚያ ያስተምራል።

የሁሴኖ ትምህርት ሕጉ አንድ ነበር፤ መፍጠን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እስኪያሰለች ድረስ መዘግየት አለበት። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ፔንዱለሙ የሚወዛወዝ አሮጌ ሰዓት አለ። በሰዓቱ አንድ ምት አንድ ድምፅ ብቻ። ሳይሳሳት ሃያ ጊዜ ከደገመው በአንድ ምት ሁለት። ከዚያ ሦስት። የሙሽራው ዘፈን ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣው በአንድ ምት አራት ድምፅ ሲገባ ነው።

«ጋሼ ይርሳው፣ ጣትዎን አያሯሩጡት» ይለዋል። «መንገዱን ካወቀ ራሱ ይሮጣል።»

የይርሳው ቀኝ እጅ ምላጭና ቶንዶስ የለመደ ነው። ግራ እጁ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንጭ ከመወጠር ሌላ ሥራ አያውቅም። ክሩ የጣቶቹን ጫፍ እያረሰ ያቃጥለው ጀመር። ሁሴኖ፣ ቆዳው ሲደነድን ሕመሙ ይተውዎታል አለው። ይርሳው አንድ ደረጃ ባለፈ ቁጥር በመስታወቱ ጥግ ላይ በሳሙና አንድ መስመር ያሰምራል። ለገና ሁለተኛውን፣ ለፋሲካ ሦስተኛውን አሰመረ። ደንበኞች ምንድን ነው ሲሉት የላጨኋቸው ጳጳሳት ናቸው ይላል።

ሰኔ ሲገባ የግራ እጁ ትንሽ ጣትና የቀለበት ጣቱ ጨርሶ ማመም ተዉ። ይርሳው ደስ አለው። ጣቶቹን ዘርግቶ ለእታገኘሁ አሳያት። እሷም የያዘችውን መርፌ ጫፍ ሰካ አደረገችበትና ፊቱን አየች። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ጫማ ሰፊ ሆነሃል አለችው፤ አብረው ሳቁ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የጭላሎ ተራራ ለሳምንታት በጉም ተሸፍኖ ሳይታይ ቀረ። አራተኛው መስመርም አልመጣም። ሁለቱ ጣቶች ምንጊዜም ከሰዓቱ ኋላ ይደርሳሉ። ይርሳው መጀመሪያ ብርዱን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ዕድሜውን። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ ሰዓት ጨመረ። እንደ ሕጉ ወደ ሁለት ተመለሰ፣ ወደ አንድ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ነሐሴ ላይ ሦስቱም አስቸገረው። ትንሿ ጣት ክሩ ላይ በመቆም ፋንታ ወደ መዳፉ ትታጠፋለች። አንድ ጠዋት ሦስተኛውን መስመር በፎጣ ጠረገው። ማንም አላየም።

መስከረም ውስጥ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤት ሻይ ቤት ያላት ዙቤዳ ሁለት ሻይ አምጥታ ሄደች። ሁሴኖ ብርጭቆውን አንሥቶ ወዲያው አስቀመጠና ጣቱ ላይ እፍ አለ። ቀና ሲል ይርሳው የራሱን ብርጭቆ አፉን በግራ እጁ ሁለት ጣት ይዞ፣ ቂጡን በትንሿና በቀለበት ጣቱ ላይ አስደግፎ ስለ በሬ ዋጋ ያወራል። ሁሴኖ ብርጭቆውን ያስቀምጠው እንደሆነ አየ።

«ጋሼ፣ አያቃጥልዎትም?»

«ደንድኗል አላልከኝም?»

ሁሴኖ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር መዞ ይርሳውን ዐይንዎን ይጨፍኑ አለው። ሲነካዎት ይንገሩኝ። አመልካች ጣቱን ሲነካው ይርሳው እዚህ አለ። መሐል ጣቱንም እዚህ አለ። ከዚያ የሰዓቱ ምት ብቻ ይሰማል። ይርሳው ጀምር እንጂ አለ።

ሁሴኖ ሦስት ጊዜ ነክቶት ነበር።

እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ከውስጥ በኩል ዳበሰው። ከቆዳው ሥር ያለው ነርቭ አብጦ እንደ ጊታሩ ወፍራም ክር ይንሸራተታል። ክንዱ ላይ ያለችው የነጣች ነጥብ ይርሳው ጭርት ነው ብሎ የተዋት ናት። ሁሴኖ በየሳምንቱ እንደዚህ ያለ ክንድ ያያል። በሽታውን በስሙ አልጠራውም፤ ይርሳውም አልጠየቀም።

«ከዘር አይደለም» አለ ሁሴኖ። «በምላጭም አይተላለፍም። እንክብል አለ። የሄደውን አይመልስም፣ ያለውን ግን ያተርፋል። እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ።»

እንክብሉ የሚሰጠው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሳጉሬ መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር። የክሊኒኩ ላንድሮቨር ይቆማል፣ በሽተኞቹ ይሰለፋሉ፣ ስም እየተጠራ ይታደላል። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ፊቱን ያዞራል፤ ማን እንደቆመ ግን አይቶ ነው የሚያዞረው። ይርሳው፣ አንተው በድብቅ አምጣልኝ ብሎ ለመነው። ሁሴኖ ሰውዬው ራሱ ካልቀረበ አይሰጥም አለው።

«እንግዲያው ከመልሱ በኋላ።»

«አራት ወር ነው፣ ጋሼ። አራት ወር ብዙ ይወስዳል።»

«ጣት ነው የሚወስደው። ልጄን አይወስድብኝም።»

ከዚያ በኋላ የቅዳሜው ትምህርት ዓላማው ተለወጠ። ሁሴኖ ዘፈኑን ለሁለት ጣት እንዲመች አድርጎ ቀነሰው። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው፤ አሁን ግን የሚለካው የሚወርደውን ነው። ኅዳር ላይ በአንድ ምት ሁለት ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንዳንድ ቀን አንድ። ይርሳው ደንበኛ ሲላጭ የግራ እጁን ትንሽ ጣት በፎጣ ይሸፍናል። መስታወቱን አጥቦ መስመሮቹን ሁሉ አጠፋ። ለእታገኘሁ አልነገራትም፤ እሷም መርፌውን ዳግመኛ አላነሣችም።

ሠርጉ በ1966 ጥር፣ እሑድ ቀን ሆነ። ማክሰኞ ሙሽሮቹ ለመልስ መጡ። አቶ አሰግድ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር በክብር ቦታ ተቀመጡ። ምሳ ከተበላ በኋላ ይርሳው ጊታሩን አነሣ። የሙሽራውን ዘፈን በአንድ ምት አንድ ድምፅ እያለ ተጫወተው። ለጭፈራ የተነሡት ሴቶች ቆመው ቀሩ። አልጣሽ ግን አባቷ ለእሷ ብሎ ያዘገመው መስሏት አለቀሰች።

«የእናንተ አገር ሙሽራ የሚሸኘው በለቅሶ ነው እንዴ፣ አቶ ይርሳው?» አሉ አቶ አሰግድ። ሰው ሳቀ። ይርሳውም ሳቀ። አለፈ ብሎ አሰበ።

ሻይ መጣ። አቶ አሰግድ ብርጭቆውን አንሥተው ቶሎ አስቀመጡትና ጣታቸውን በጋቢያቸው አሻሹ። ከጎናቸው ያለው ሽማግሌም እንደዚያው አደረገ። ይርሳው ብርጭቆውን ይዞ ለሁለቱም ምርቃት የሚመስል ነገር ይናገር ነበር። የአቶ አሰግድ ዐይን እጁ ላይ እንዳረፈ ሲያይ ንግግሩን አቋረጠ። ወደ እጁ ተመለከተ። ብርጭቆው ቂጡ ላይ በሁለቱ የታጠፉ ጣቶች ተደግፎ ይጨሳል።

አሁን ቢያስቀምጠው ማወቁን መናገር ይሆንበታል። ባያስቀምጠውም ያው ነው። ፉት አለው።

አቶ አሰግድ ሻያቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ተከትለዋቸው ግቢ ውስጥ መኪናው አጠገብ ቆሙ። ልጃቸውን ጠርተው አነጋገሩት። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ መኪና ውስጥ ገባ። ከዚያ አቶ አሰግድ ብቻቸውን ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጅቱ ጥቂት ቀን ከእናቷ ጋር ትሰንብት» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም።

አልጣሽ ነገሩ ስላልገባት ደስ ብሏት እናቷን አቀፈቻት። እታገኘሁ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ የባሏን እጅ አየች።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ይርሳው ፀጉር ቤቱን ሳይከፍት ጋቢውን ደርቦ በሳጉሬ መንገድ ወጣ። ዋርካው ሥር ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሁለቱን በፊት የላጫቸው ናቸው። ቦታ ለቀቁለት። በጋቢው ውስጥ ግራ እጁ ከልማድ የተነሣ ዘፈኑን ክንዱ ላይ ይመታል፤ ሁለት ጣቶች ይመቱታል፣ ሁለቱ አይደርሱም።

የሳጉሬው አውቶቡስ አቧራውን እያስነሣ ሲቀርብ ስሙ ተጠራ። ይርሳው ፊቱን አላዞረም። አቤት አለ፤ እጁንም ከጋቢው አውጥቶ ዘረጋ።