ፎልክማርና ባዶ ቅርጫቱ

ከመንደራችን በላይ፣ ራይን ወንዝን ቁልቁል የሚያይ የፈረሰ ግንብ አለ። ከግንቡ ሥር ያለው የወይን ቁልቁለት የባሌ አጎት የፎልክማር ነው። የሱ የተባለው ከአባቱ ስለወረሰው እንጂ እጁ ነክቶት አይደለም። መግረዝ ከተወ ስንት ዓመቱ! ጉልበቴን ያመኛል ይላል፤ ያው ጉልበት በወይን በዓል ዕለት ሲጨፍር ያመሻል።

የሽርሽር መርከብ ጥሩምባ ሲሰማ ግን ብታዩት! ሰማያዊ ሸሚዙን ያጠልቃል፣ የአባቱን የእንጨት ቅርጫት በጀርባው ያዝላል፣ የቁልቁለቱን አፈር የያዘው የድንጋይ ካብ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይገተራል። በመርከቡ ድምፅ ማጉያ «በግራ በኩል የአባቶቹን ሥራ ያልተወ ወይን አምራች ታያላችሁ» ይባላል። ካሜራው ይንጣጣል፤ እሱም ባርኔጣውን ያነሳል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው። ቢራ!

ጉዱ ለራሱ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩ ነበር። የኛ ወይን ግን ከሱ ጋር ይዋሰናል፤ ካልተገረዘው ጫካው የሚነሳው ሻጋታ በየዓመቱ ወደ እኛ ይሻገራል። አምና ግማሹን ዘለላ ጣልን። አሁንም ከቀጠለ ቦታችንን ሸጠን ከተማ መግባታችን ነው። እኔ ደግሞ ልጄን ማቲልዳን እዚሁ ነው ማሳደግ የምፈልገው።

«አጎቴ፣ ቦታውን ወይ ያከራዩን፣ ወይ ወይኑን ይንቀሉት» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከዚህ ብወርድ ሰዉ ምን ሊያይ ይመጣል?»

«ግንቡን።»

«ግንብ እጅ አያወዛውዝም!»

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ወንዙ ጎደለ፣ ድንጋዩ አገጠጠ፣ መርከቦቹ ቆሙ። ድርቁ ሻጋታውን ገታልን፤ ግን ለዚያ ዓመት ብቻ። ወይን ስንለቅም ፎልክማር ሸሚዙን ለብሶ፣ ቅርጫቱን አዝሎ መጣና ካቡ ላይ ቆመ።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ይመጣሉ።»

«እስኪመጡ ይቺን ወይን ያውርዱልን» ብዬ ቢራውን አወጣሁና ቅርጫቱን በወይን ሞላሁለት። አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ማንገቻው ትከሻውን ይዞት መነሳት አቃተው።

«አባቴ ይሄን ነበር የሚሸከመው?» አለ።

«ቀኑን ሙሉ» አለው ባሌ ሄኒንግ፣ ሳቁን እየዋጠ።

ፎልክማር ላቡን ጠረገ። «ቦታውን ውሰዱት በቃ። መርከብ ሲመጣ ግን ካቡ የኔ ነው!»

«ካቡንስ ይውሰዱት!» አልኩና እጁን ጨበጥኩ።

ክረምቱን እሾሁን መነጠርን፣ ግንዱን ገረዝን። በጸደይ ወንዙ ሞላ፣ ጥሩምባውም ተነፋ። ለጋውን ሐረግ ወይኑ ከሚደገፍበት ሽቦ ጋር ሳስር ከካቡ ላይ ጮኸብኝ።

«ዝቅ በይ እንጂ! ፎቶው ውስጥ እየገባሽ ነው!»

ዝቅ አልኩ፤ ለነገሩ የቀረኝ የታችኛው ሽቦ ነበር። ድምፅ ማጉያውም «በግራ በኩል የአባቶቹን ሥራ ያልተወ…» ማለቱን ቀጠለ።