በአባወራ የሚቆጠር እጅ

ቀን ባሕር ማዶ፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ አረጋውያን ስንከባከብ እውላለሁ፤ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ባለፈው ዓመት በረዶው ገና ሳይቀልጥ የጥንቷን አቴና ተማርን፤ እኔም ወዲያው ፍቅር ያዘኝ። ሸክላ ሠሪውም ጫማ ሰፊውም ስብሰባ ወደሚደረግበት ኮረብታ ይወጣሉ። አዋጅ ነጋሪው መናገር የሚፈልግ ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ ያሻው ተነስቶ ይናገራል። ጦርነት ይታወጅ አይታወጅ የሚወሰነው እጅ በማውጣት ነው። ገበያ ላይ ወሬ ሲሰልቁ የዘገዩትን ደግሞ ቀይ ቀለም በነከሩት ገመድ እየነዱ ወደ ስብሰባው ያስገቧቸዋል፤ ቀለሙ ልብሱን የነካው ይቀጣል። ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። የኛ እድር ነዋ! የእድራችን ሊቀመንበር ገመድ ባይኖራቸውም በቴሌግራም እንደዚያው ነው የሚነዱን።

እጄን አውጥቼ «ሴቶቹስ?» ብዬ መምህሩን ጠየቅሁት።

«አይቆጠሩም» አለኝ። ባሪያዎቹም አይቆጠሩም፤ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የኖሩ የውጭ አገር ሰዎችም እንደዚሁ።

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር እንዲህ ያንገበግበኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኩራታቸውን አልጠላሁትም። የከተማዬ ጉዳይ ጉዳዬ ነው ብሎ መቆም ደስ ይላል። የጠላሁት በሩን ዘግተው መኩራታቸውን ነው።

እድራችን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አንድ አፓርታማ ሥር ባለ አዳራሽ ይሰበሰባል። አገር ቤት እንደለመድነው የተመዘገብነው በአባወራ ነው። ወንዶቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ እኛ ከኋላ ሳንቡሳ እናቀርባለን። ሊቀመንበሩ በእድሩ ዴሞክራሲ በጣም ይኮራሉ። «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የለም» ሳይሉ ስብሰባ ከፍተው አያውቁም።

የዚያን እሑድ አጀንዳው ከባድ ነበር። ከእንግዲህ አባል ሲሞት ሬሳው ወደ አገር ቤት ይላክ ወይስ እዚሁ ይቀበር? ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር አልመጣም። እኔ ግን ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። ልጆቼ የተወለዱት እዚህ ነው። መቀበር የምፈልገው እነሱ በአውቶቡስ መጥተው አበባ ሊያስቀምጡልኝ በሚችሉበት ቦታ ነው።

«እዚህ ይቀበር የምትሉ፣ እጅ!» ተባለ። የሳንቡሳውን ትሪ አስቀምጬ እጄን አወጣሁ። ጸሐፊው እየቆጠረ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ።

«እኔን አልቆጠርከኝም» አልኩት።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ቮት የሚደረገው በአባወራ ነው እኮ። ባለቤትሽ ይምጣና ያውጣ።»

«ጋሼ፣ እኔ ስሞት የምትቀብሩት ባለቤቴን ነው?»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ሥርዓት ይከበር!» ብሎ ጮኸ። አቴናም እኮ ሥርዓት ነበራት! ሰው ሲሞት ማልቀሱ የእኛ፣ መወሰኑ የእነሱ፤ ሥርዓት የሚሉት ይህንን ነው። እጄን አላወረድኩም። ሊቀመንበሩ «አውርጂ እንጂ» አሉኝ፤ አላወረድኩም። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ደገፍኩት። ከጎኔ ሻይ ትቀዳ የነበረችው ሴትዮ ቴርሞሱን አስቀምጣ የእሷንም አወጣች። እሷ የምትፈልገው አገር ቤት መቀበርን ነው፤ ያወጣችው ግን ለመቆጠር ነው። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ሊቀመንበሩን አየ። በመጨረሻ ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

ባለቤቴ ቤት ሲገባ ወሬው በስልክ ቀድሞ ደርሶት ነበር። ቀና ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ጫማውን እያወለቀ «በሚቀጥለው ሚቲንግ ኦፍ ወስጄ እሄዳለሁ» አለኝ። «እዚህ ይቀበር ብዬ እጄን አወጣልሻለሁ፣ በቃ።»

እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ያናደደኝም ይኸው ፍቅሩ ነው፤ ከሊቀመንበሩ ይልቅ እሱ አናደደኝ።

«አንተ ሥራህ ላይ ሁን» አልኩት። «እኔ እጅ አለኝ።»