ወንዝ የማያሻግረው መድኃኒት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ

የሄድነው ከድርን ወደ ጅማ ይዘን ለመምጣት ነው። ከድር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የናስር ታላቅ ወንድም ሲሆን ከአጋሮ ወጣ ብሎ ቡና ያመርታል። በሳምንቱ መጀመሪያ ውሻ ባቱን ነከሰው። ውሻው በማግስቱ አረፋ እየደፈቀ ሞተ። ናስር ይህን በስልክ የሰማው አርብ ሲሆን፣ ወንድሙ ክትባት እንዳልወሰደና የባህል መድኃኒት ጠጥቶ ሥራው ላይ እንዳለም አብሮ ሰማ።

"አንተም ና" አለኝ። "እኔን አይሰማኝም፤ እንግዳን እምቢ ማለት ግን ያፍራል።"

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ጅማ ከመጣሁ ወዲህ ከከተማው ወጥቼ አላውቅም ነበር።

እስከ አጋሮ

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ሂሳቡ መቶ ሃምሳ ብር ነበር፤ ረዳቱ የቡና ለቀማ ሰሞን ነው ብሎ ሃያ ብር ጨመረብን። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ግራና ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የቆመ ቡና ነው፤ ፍሬው ቀልቷል። በየደጃፉ በእንጨት አልጋ ላይ ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። መንገዱን ሁሉ ሳየው ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ናስር ስልኩን ሰጠኝና ያነበበውን አነበብኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ነው።

ከአጋሮ ባጃጅ ተኮናትረን፣ አንድ ወንዝ በድልድይ ተሻግረን፣ እነከድር መንደር ደረስን።

ከድር ቤት

ከድር ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ቡና ሲለቅም አገኘነው። እግሩ በጨርቅ ታስሯል።

"ለአንድ ውሻ ሁለት ዩኒቨርሲቲ መጣ?" ብሎ ሳቀ። ያስቀመጠን ከቤት ፊት ካለው ጥላ ሥር ነው። የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ቀረበልን። ናስር ገና አንድ ሳይጎርስ "ተነስ፣ ክትባቱ ጅማ አለ፣ አሁን እንሂድ" አለው።

"አልችልም። አርባ ቀን ወንዝ እንዳልሻገር ተነግሮኛል። የተሻገረ ይሞታል።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ጅማ ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ክትባት የለም። የመድኃኒቱ ሕግ የክትባቱን መንገድ ዘግቶታል።

መድኃኒቱን የሰጡት ሽማግሌ፣ አባ ፎጊ፣ እንግዳ መጣ ሲባል ሰምተው መጡ። አጭበርባሪ ነበር የጠበቅሁት። ንጹሕ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ለመድኃኒታቸው ገንዘብ የማይቀበሉ፣ የእናቴንና የአባቴን ጤና ደጋግመው የጠየቁኝ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ይሳሳታል ብሎ ማሰብ ከበደኝ።

"እርስዎ መድኃኒት ሰጥተውት የሞተ ሰው አለ?" አልኳቸው።

"አለ፣ ልጄ። ወንዝ የተሻገሩት ሞተዋል። ያልተሻገሩት፣ አልሃምዱሊላህ፣ አሉ። ይቺውና ዘሃራ፤ አምና ተነክሳ ነበር። ጠይቃት።"

የከድር ጎረቤት፣ በአካባቢው የአክብሮት አጠራር አዴ ዘሃራ፣ ጥላው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከድር የለቀመውን ቡና ይመርጡ ነበር። የምጠይቀው ጠፍቶኝ፣ ሽማግሌውንም ላለማስቀየም ብዬ፣ "መድኃኒቱን ከጠጡ በኋላ ወንዝ ሳይሻገሩ ቆዩ?" አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። አባ ፎጊን አዩ፤ ከዚያ ቡናውን።

"ተሻግሬያለሁ" አሉ። "በሦስተኛው ቀን። ቡናዬን አጋሮ ማን ያደርስልኛል? ስመለስም ተሻገርኩ።"

"ወላሂ?" አለ ናስር። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?"

"ማን ጠየቀኝ? ሰው ሁሉ 'ድነሻል?' ነው የሚለኝ። ድኛለሁ፣ እላለሁ።"

ዓመት ሙሉ የተነከሱ ሰዎች አዴ ዘሃራን እያዩ ወንዝ ሳይሻገሩ፣ ክትባትም ሳይወስዱ ከቤት ቀርተዋል። አባ ፎጊ አልተቆጡም። መሬቱን በከዘራቸው እየጫሩ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ያንቺ ውሻ አላበደም ነበር" አሉ።

ይህን ሲሉ ከድርን እያየሁት ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"የኔው ግን አብዷል፣ አባ" አለ ቀስ ብሎ። "አረፋ ሲደፍቅ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከድር ቅርጫቱን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ሂድ" አሉት አባ ፎጊ። "መርፌያቸውን ተወጋ። ስትመለስ ግን የኔን አርባ ቀን ትጨርሳለህ።"

ድልድዩ ላይ

ባጃጁ ድልድዩን ሲይዝ ከድር ዓይኑን ጨፈነ። ከክፍላችን በፊዚክስ አንደኛ የሆነው ናስር በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ውሃውን እያየሁ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከተሻገርን በኋላ፣ አየር ሲያጥረኝ ነው። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ የወንዙን ነገር ከሰማሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም ነበር።

"አለሁ?" አለ ከድር ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አለህ" አልነው።

ጅማ

ሆስፒታል እንደደረስን ነርሷ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ብዙ ደቂቃ አጠበችው። ከዚያ በቁስሉ ዙሪያና በክንዱ ተወጋ። "ቀሪዎቹን መርፌዎች አንድም እንዳትዘል" ብላ አስጠነቀቀችው። እስኪጨርስ ጅማ ካለች አክስታቸው ቤት ተቀመጠ። ማክሰኞ ሁለተኛውን ወስዷል። ክንዱን እንደሚያመውና ቡናው እየረገፈ እንደሆነ በስልክ እያማረረ ነገረን።

ቅዳሜ ማታ ወደ መኝታ ክፍላችን ስንመለስ ጓደኞቻችን ከበው ጠየቁን። አንዱ "ከዳነ አባ ፎጊም የኔ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ እናንተም መርፌው ነው ትላላችሁ። በምን ይለያል?" አለን። ጥያቄው ትክክል ነው። በከድር ብቻ አይለይም፤ አዴ ዘሃራም ድነዋል። እኔ መርፌውን የማምነው ከድር እንዲድን ስለምፈልግ መሆን የለበትም። የማምነው የመረመሩት ሰዎች የሞቱትንም ከዳኑት ጋር ስለቆጠሩ ነው፤ ለሞተው ሁሉ ሰበብ የሚሆን ወንዝ አልፈለጉለትም።