ብርድ ያወጣው ጽሑፍ

የሆቴሉ ሰዎች «እመት እንፋሎት» ይሏታል። አሥራ አራት ዓመት እንፋሎት ውስጥ የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትባል ኖሯል? የምድር ቤቱን ላውንደሪ በር የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጭጋግ ነው፤ ቀጥሎ የአንሶላ ክምር፤ በመጨረሻ፣ ከጥግ ካለው ካውያ አጠገብ፣ እሷን። ሥራዋን እጇ ራሱ ያውቀዋል። ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሐል እንደሚተኮስ፣ ወፍራም ጥጥ እርጥበቱ ሳያልቅ ካልተያዘ ጭምድዱ እንደማይለቅ፣ ይህን ሁሉ ሳታስበው ትሠራዋለች። እጅ ብቻውን መሥራት ከቻለ ደግሞ ሐሳብ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ሐሳብም መቼም አርፎ አይቀመጥም።

የእሷ ሐሳብ የሚሄደው እንግሊዝኛ ውስጥ ነበር። ነገሩን ያመጣችው ልጇ ናት። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ስትገባ የድሮ የግራመር መጽሐፏን ለእናቷ ትታላት ሄደች። መጽሐፉ በየገጹ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው ያለበት፤ ትርጉሙን ሳትለውጥ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ መንገድ ጻፍ ይላል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባቡር የሚያመልጠው አንድ ሰውዬ አለ። ስላረፈደ ባቡሩ አመለጠው፣ ባያረፍድ ኖሮ ባቡሩ አያመልጠውም ነበር፣ ባቡሩ ያመለጠው በማርፈዱ ነው። መጀመሪያ አዘነችለት። ሃያኛው ገጽ ላይ ግን ትዕግሥቷ አለቀና፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቀደም ብሎ ቢነሳ ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲያ ከራሷ ኑሮ እየመዘዘች መለማመድ ጀመረች።

ዝናቡ ስለከበደ ቤት ዋልኩ። ዝናቡ ባይከብድ ኖሮ ቤት አልውልም ነበር። ቤት ያዋለኝ የዝናቡ መክበድ ነው። በእንግሊዝኛ ሲገላበጥ እንዴት ደስ እንደሚላት! አንድን ቤት ዞሮ ዞሮ በተለያየ መስኮት እንደማየት ነው፤ በአንዱ አልጋው ይታያል፣ በሌላው ጠረጴዛው፣ ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው። ካውያው እየተነፈሰ፣ የልብስ ማጠቢያው ከግድግዳው ወዲያ እያጉረመረመ፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ባሏ በአንደኛው መስኮት ጫማውን ሲያስር ይታያታል፣ በሌላኛው ደግሞ በሩን ዘግቶ ሲወጣ። ትርጉሙን ሳትለውጥ ስንት ጊዜ እንደገለባበጠችው እሷም አታውቀውም።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ከእንፋሎት ካልራቅሽ ሳንባሽ አይምርሽም ብሏታል። ሆቴሉ ውስጥ ከእንፋሎት የሚያርቃት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእንግዳ ልብስ መቀበልና በእንግሊዝኛ ማስታወሻ እየጻፉ መመለስ። ለዚያ ደግሞ ፈተና አለ። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፣ ሰው በዕድሜው ሦስት ጊዜ ብቻ ይፈተናል፣ እሷ ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛውን ከወደቀች ወይ ሳንባዋን ወይ ሥራዋን መምረጥ ነው።

ላውንደሪው ውስጥ ወረቀት ክልክል ነው፤ ካውያ ባለበት ወረቀት እሳት ይጠራል ትላለች አለቃዋ። ቢፈቀድስ፣ በዚያ እርጥበት ደብተር ሁለት ቀን አይቆይም። መላ ያገኘችላት የሆቴሉ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቅ ላይ ልክ የምታሰምርበትን ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠቻትና፣ ጻፊበት፣ ካውያ ሲነካው ድራሹ ይጠፋል አለቻት። እውነትም ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት እንፋሎት ነጭ ጨርቅ ላይ ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ካውያውን ታሳልፍበታለች፣ አለቀ።

ከጨርቅ ሁሉ የምትወደው የበረዶ ቤቱን ሰውዬ ጋዋን ነው። ሰውዬው ሥጋና ዓሣ የሚቀመጥበትን ትልቁን የፍሪዘር ክፍል የሚጠብቅ፣ በር የሚያህል ጀርባ ያለው ጎልማሳ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ሲናገር የሰማው ስለሌለ «ጋሽ ዝምታ» ብለውታል። ጋዋኑ ወፍራም ጥጥ ነው፣ ሲዘረጋ ሰሌዳ ነው። ሰኞና ሐሙስ፣ ሥራዋ ሲያልቅ፣ የጋዋኑን ጀርባ በውስጥ በኩል ገልብጣ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ትሞላበታለች። አንዳንዴም የባለቤቱ ነገር ይመጣባታል። የበረዶ ቤቱ ሰውዬ ቢያናግረኝ ደስ ይለኛል። ደስ የሚለኝ የበረዶ ቤቱ ሰውዬ ሲያናግረኝ ነው። ይህን ስትጽፍ ማንም ሳያያት ፊቷ ይቀላል፣ ካውያውንም ከሌላው ጊዜ ፈጠን አድርጋ ታሳልፈዋለች።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ፈተናው ሲቃረብ ግን ልቧ ከዳት። የተማረችው የት አለ? ደብተር የላት፣ የታረመ ወረቀት የላት። የጻፈችው ሁሉ በካውያ ስር ተኖ ሄዷል፣ ትምህርቱም አብሮ የተነነ መሰላት። ሌሊት ሌሊት ባዶ ወረቀት ታልማለች። እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ድረስ ስሙን ያስሰረዘ ሰው ዕድሉ አይቆጠርበትም፣ ለከርሞ ይቆይለታል ተባለ። እሷም ላስሰርዝ ነው አለች። ልጇ ተቆጣቻት፤ ደረትሽ እስከ ከርሞ ቀጠሮ ይሰጥሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። እሷ ግን ከመውደቅ መቆየት ይሻላል ብላ ቆርጣለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሽርጧን ፈትታ ወደ አለቃዋ ቢሮ ልትሄድ ስትል፣ ጋሽ ዝምታ ጭጋጉን ሰንጥቆ ገባ። በእጁ የሥጋ መረከቢያ ደብተር ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላትና ገለጠው። ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ነው። አንድ መስመር አነበበች፤ ዝናቡ ስለከበደ ቤት ዋልኩ ይላል። ክው አለች።

ያ ቀለም ሙቀት ሲያየው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም ለካ። ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ይወጣል። ይህን ልብስ ሰፊዋም አታውቅም፤ ልብስ ሰፊ የምትሰፋውን ሱሪ ፍሪዘር ውስጥ ምን ብላ ትሰቅላለች? ጋሽ ዝምታ ግን ጋዋኑን ማታ የሚሰቅለው እዚያው በረዶ ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። ጠዋት ሲያወርደው ውስጡ በሰማያዊ ጽሑፍ ተሞልቶ ያገኘዋል። ጋዋኑ ወደ ላውንደሪ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ነጭ ሆኖ ነው። ይህን ሁሉ ጋሽ ዝምታ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየመዘነ አስረዳት። ንግግር ጠፍቶት የኖረ ሰው ሲናገር እንደዚያ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች በልቧ። ስለ ባሏ የጻፈችው እዚያ አለ። ስለ ፍርሃቷ የጻፈችው አለ። ይባስ ብሎ ስለ እሱ የጻፈችው!

«ሁሉንም አነበብከው?» አለችው፣ ድምፅዋ ቁጣም ሐፍረትም ሆኖ።

«እኔ እንግሊዝኛ አላነብም» አላት። «ፊደሉን እያየሁ ነው የሳልኩት። ሰው ደክሞበት የጻፈው ነገር ዝም ብሎ ሲጠፋ አላስችል አለኝ። ዛሬ ስምሽን ልታስሰርዢ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ምናልባት ይጠቅማት እንደሆን ብዬ ነው።»

እንባዋ መጣ፣ ግን ዋጠችው። ደብተሩን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ ውይ! ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ እግሩ የተሰበረ ነው፤ አንዱ ግሡን ጥሏል፣ አንዱ ሲገለበጥ ትርጉሙ ዞሮ ዝናቡን ቤት አውሎታል። ሳቀች። ወደ መሐል ስትደርስ ስሕተቱ ሳሳ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው፣ ለማረም ጣቷን እያስኬደች፣ ጣቷ ግን የሚቆምበት አላገኘም። ይህን የጻፈችው ሴት ሌላ ሰው መሰለቻት፤ ብታገኛት አስተምሪኝ የምትላት ዓይነት ሴት።

ጋሽ ዝምታ ወፍራም ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። የዓሣ ካርቶን ላይ እያየ የለመዳት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለች፣ ትርጉሟም «በረዶ» እንደሆነ፣ ይቺ ቃል እዚህ ደብተር ውስጥ ደጋግማ እንደምትመጣ ነገራት። «ይቺኛዋ ምን ትላለች?»

የበረዶ ቤቱ ሰውዬ ቢያናግረኝ ደስ ይለኛል ነው የምትለው። እመት እንፋሎት የፈታችውን ሽርጥ ማጣጠፍ ያዘች።

«ስለ ዝናብ ነው» አለች። «በረዶ የቀላቀለ ዝናብ።»

«ዝናብ ታበዣለሽ» አላትና ደብተሩን ትቶላት ሄደ።

ቆማ ቀረች። በእንፋሎቱ ውስጥ ያ ዓረፍተ ነገር በአንዱ መስኮት ይወጣል፣ በሌላው ይገባል፣ ባሏም አለ፣ ጋሽ ዝምታም አለ፣ ባቡር የሚያመልጠው ሰውዬም ሻንጣውን ይዞ ያልፋል። ከሕልሟ ስትነቃ የግድግዳው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ እኩለ ቀን አልፏል። የሚሰረዝ ስም ካለ ተሰርዟል፤ የእሷ ግን እንዳለ ነው። ሽርጧን መልሳ አሰረች።

ሐሙስ ተፈተነች። ማለፏን ልንገራችሁና ልገላገል፤ አልፋለች፣ ያውም ሁለት ሰው ብቻ በልጧት። ልጇ በስልክ ስትሰማ እማዬ እያለች አለቀሰች። ለእኔ ግን ከፈተናው የሚከብደው፣ ላውንደሪውን በለቀቀችበት ሐሙስ የሠራችው ሥራ ነው። የጋሽ ዝምታን ጋዋን ለመጨረሻ ጊዜ ዘረጋችው፣ በውስጥ በኩል ገለበጠችው፣ በዚያው ሰማያዊ ቀለም ጻፈችበት። በዚህ ጊዜ የጻፈችው በአማርኛ ነበር። «ትርጉሙን ሳትለውጥ በሌላ መንገድ ጻፍ፦ ያን ቀን የዋሸሁህ አንተን ስለ ፈራሁ ነው፤ ስለ አንተ ነበር የጻፍኩት። እሁድ ከሰዓት ቤቴ ሻይ ይፈላል።» ካውያውን ቀስ ብላ አሳለፈችበት፣ ጽሑፉም ሄደ።

ቅዳሜ ሦስተኛ ፎቅ አዲሱ ወንበሯ ላይ ናት። አየሩ ደረቅ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ስትተነፍስ ደረቷ አያፏጭም። ከእንግዶቹ ኮትና ቀሚስ መሐል አንድ ወፍራም ነጭ ጋዋን ታጥፎ ተቀምጧል። ማን እንዳመጣው ያየ የለም፤ ስትነካው ግን ብርዱ ገና አልለቀቀውም። ገለበጠችው። ከእሷ ጽሑፍ ስር፣ በተራ እስክሪብቶ፣ ካውያም የፈላ ውሃም በማያነሳው ቀለም፣ እንደ ልጅ በተጠነቀቀ እጅ ተጽፏል።

«እመጣለሁ። አልቀርም። ድሮም የሚጠራኝ አጥቼ ነው።»

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ለውጧል፤ በመጽሐፉ ሕግ ቢሆን ይሰረዛል። እሷ አልሰረዘችውም። ደጋግማ አነበበችው፣ ዙሪያዋን አየች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። የፎቁ ደንብ ደግሞ ደንብ ነው፤ እድፍ ያለበት ልብስ ሲመለስ በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ይያያዝበታል። ወረቀት ሳበች፣ አስባ ጻፈች፣ ኪሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። «ይህ ልብስ ቀለም አለበት። እንዲለቅ አልሞከርንም።» ማስታወሻው ምን እንደሚል ሰውዬው እሁድ መጥቶ ይጠይቃታል።